ብርሃኑ ዘሪሁን፤ ከጓዳ እስከ ጦር ሜዳ የጻፈ የጎንደር ልጅ

ጎንደር፦ በጎንደር ከተማ የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሣ ሁለት ስሜት አብሮ ይነሣል። አንደኛው ኩራት ነው፤ ከቋራ ተነሥተው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ደፍተው፣ የተበታተነችውን ሀገር ለመሰብሰብ የደከሙ ንጉሥ ናቸውና። ሁለተኛው ሐዘን ነው፤ በ1859 ዓ.ም ጎንደር በእርሳቸው ጦር ተዘርፋለች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጥለዋል። አንድ የጎንደር ልጅ ስለ እኚህ ንጉሥ ልብ ወለድ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ይቀልለው ነበር። ደራሲና ጋዜጠኛ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም ለንባብ ላበቃው መጽሐፍ ርዕስ ሲሰጥ የንጉሡን ጎራዴ አላስቀደመም፣ ያቃጠሉትንም ከተማ አላስቀደመም። የቴዎድሮስ እንባ አለው።

እንባ የሚለው ቃል ለብርሃኑ አዲስ አልነበረም። ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የደራሲነት መንገዱን የጀመረበት መጽሐፍ ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች ይባላል። ያኛው የቤት ውስጥ ነገር ነው፤ ፍቅር፣ መከዳት፣ በደብዳቤ ላይ የፈሰሰ የግል ሐዘን። ይኼኛው የሀገርና የዙፋን ነገር ነው። አንድ ደራሲ ለተከዳች ልብና ለተከዳ ንጉሥ አንድ ዓይነት ቃል መምረጡ ስለ አጻጻፉ ብዙ ይናገራል። ብርሃኑ በጓዳና በጦር ሜዳ መካከል ሰፊ ግንብ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ብርሃኑ ዘሪሁን በ1926 ዓ.ም ገደማ በጎንደር ተወለደ። ገና ድክ ድክ በሚልበት ዕድሜ፣ በ1928 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። ፒያሳ የሚባለው ሰፈር፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግም ጎንደር ነበረች። አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ከወራት በኋላ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም ድረስ በከተማዋ ዙሪያ ጦርነቱ ቀጥሏል። ብርሃኑ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ገደማ ነበር። የፋሲል ግንብ የድሮ ጦርነቶችን ሲያስታውስ፣ የዚያ ዘመን የጎንደር ሕጻን ግን ጦርነትን ከደጁ ነው ያወቀው።

ጎንደር የአቋቋምና የትርጓሜ መጻሕፍት ሊቃውንት መፍለቂያ ናት። ብርሃኑም እንደ አካባቢው ልጆች በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ከዚያ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገባ። ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተማረ። የእጅ ሙያ በሚሰጥ ትምህርት ቤት አልፎ ኑሮውን በብዕር የመሠረተ ሰው ነው ማለት ነው። ግብርና ተምሮ ማይክሮፎን ለጨበጠ ዘጋቢ እንዲህ ያለ መታጠፊያ እንግዳ አይሆንበትም። ደግሞም የእጅ ሙያ ትምህርት በአጻጻፉ ላይ የተወው ነገር ያለ ይመስላል። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ተላገ እንጨት ነው፤ ትርፍ የለውም።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ብርሃኑ በይበልጥ የሚታወቀው በዚህ በአጭር ዓረፍተ ነገሩ ነው። በዘመኑ የነበረው የጽሑፍ አማርኛ ረጅም ነበር፤ አንዱ ሐሳብ ሌላውን እየወለደ፣ ማሰሪያ አንቀጹ እስከ ገጽ ግማሽ ድረስ እየዘገየ የሚሄድ። የቴዎድሮስ እንባ በወጣበት በዚያው በ1958 ዓ.ም የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርም ታትሟል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ልዩነቱ በግልጽ ይታየዋል። ሐዲስ የጎጃምን ኑሮ በሰፊው እየዘረዘሩ፣ አንባቢን ከደብር ወደ ጌቶች አዳራሽ በዝግታ ይወስዳሉ። ብርሃኑ ግን ቸኩሎ አንባቢውን ነገሩ መካከል ያወርደዋል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው የልብ ወለድ ቋንቋ ወደ ብርሃኑ መንገድ ያደላ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ይህን መንገድ ያስተማረው ጋዜጠኝነት ነው የሚለው አስተያየት ትክክል ይመስላል። ብርሃኑ በየኢትዮጵያ ድምፅና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች በአዘጋጅነት ሠርቷል። አዲስ ዘመን ከነጻነት ማግሥት በ1933 ዓ.ም የተመሠረተ፣ የመንግሥት ቃል የሚነገርበት ጋዜጣ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጋዜጣ ፊት ገጽ የማን እንደነበረ የታወቀ ነው። አዘጋጁ ብዙ ያያል፣ ብዙ ይሰማል፣ የሚያትመው ግን ከዚያ ጥቂቱን ነው። በጋዜጣ ያልተነገረው የት ይሂድ? የብርሃኑ መጻሕፍት ዝርዝር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስላል።

በ1950ዎቹ በተከታታይ ጻፈ። ድል ከሞት በኋላ አንባቢውን ከኢትዮጵያ አውጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ጥቁሮች ከዘር መድልዎ ሥርዓት ጋር ወደሚታገሉበት ምድር ይወስደዋል። በመጋቢት 1952 ዓ.ም በሻርፕቪል ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኩሶ 69 ሰዎች የተገደሉበት ዘመን ነው፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። የአማርኛ አንባቢ ስለ ደቡብ አፍሪካ የሚያውቀው ከአጭር የሬዲዮ ዜና ያለፈ ባልነበረበት ወቅት ትግልና ሞት ያለበት ታሪክ በራሱ ቋንቋ አገኘ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ሌሊት የሚጨርሰው ዓይነት መጽሐፍ ነው።

አማኑኤል ደርሶ መልስ ሌላ ጉዞ ነው። ደርሶ መልስ የአውቶቡስ ቲኬት ቋንቋ ነው፤ አማኑኤል ደግሞ በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል። ስለ አእምሮ ሕመም በሹክሹክታ እንኳ በማይወራበት ጊዜ፣ ሕመምተኛው በጠበል ቦታ ታስሮ በሚቀመጥበት፣ ቤተሰብም ስሙን በሚደብቅበት ሀገር፣ ብርሃኑ ጉዳዩን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አወጣው። ያውም ሄዶ መመለስ እንዳለ በርዕሱ እየተናገረ። የበደል ፍጻሜም የዚሁ ዘመን ሥራው ነው።

ከቤተሰብ መጻሕፍቱ ሁሉ በገጠር ለሚሠራ ዘጋቢ የሚከብደው ግን ብር አምባር ሰበረልዎ ነው። ርዕሱን በአካባቢያችን ማብራራት አያስፈልግም። ሠርግ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሽራዋ ድንግል ሆና ስትገኝ ሚዜዎቹ በጭፈራ የሚያበስሩት ብሥራት ነው። ሳትገኝ ስትቀር ደግሞ ጭፈራው ይቋረጣል፣ ልጅቱም በውርደት ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች። መጽሐፉ ይህ ልማድ በአንዲት ሴት ልጅ ሕይወት ላይ የሚያወርደውን መዓት ይከተላል።

ቃሉን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው ሰዋስዉ ራሱ ይናገራል። የሰበረ እርሱ ነው፤ ሙሽራው። የተሰበረው አምባር ነው፤ ዕቃ። የምሥራቹ የሚነገራቸው ደግሞ በአክብሮት አንቱ የሚባሉት ታላላቆች ናቸው። ልጅቱ የለችም። ስለ እርሷ አካል በሚነገረው ቃል ውስጥ ለእርሷ የቀረ አንዲት ፊደል እንኳ አይገኝም። ብርሃኑ ይህን የደስታ ቃል ከሠርግ ዳስ አንሥቶ የሐዘን መጽሐፍ ርዕስ ማድረጉ፣ በእኔ ግምት፣ ከጻፋቸው ርዕሶች ሁሉ የሚበልጥ ነው።

በዚያ ዘመን ሕጉም ለልጅቱ ብዙ አልቆመላትም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት ደግሞ 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። ሁለቱም 18 ዓመት የሆኑት በ1992 ዓ.ም በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በክልላችንም በ1995 ዓ.ም በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕጉ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም በወገራ፣ በዳባት፣ በጃናሞራ ቀበሌዎች ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚዘግብ ሰው የሚሰማው ንግግር ከመጽሐፉ ዘመን ብዙም አልራቀም። ወላጅ ልጁን በልጅነቷ የሚድረው ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ያ የሠርግ ሌሊት ሳታስበው እንዳያዋርደው ፈርቶ ነው። ጓሮ ያለው ከብትና መሬትም በስሌቱ ውስጥ አለ። ብርሃኑ ያየው ይህን ፍርሃት ነው።

ወደ ቴዎድሮስ እንመለስ። ለወጣት አንባቢ የቴዎድሮስ እንባ ከሁሉ በፊት የጀብዱ መጽሐፍ ነው። የሽፍትነት ዘመን አለ፣ ውጊያ አለ፣ በጋፋት መድፍ ማሠራት አለ፣ ያንን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በገደልና በሸለቆ እየጎተቱ መቅደላ ማድረስ አለ፣ በመጨረሻም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አለ። ከዚህ በላይ ጀብዱ ማን ይፈልጋል? ከቋራ ቆላ እስከ ስሜን ደጋ ድረስ ያለው መልክዓ ምድር ራሱ ታሪክ ይተርካል። ደረስጌን ያየ ሰው በዚያ ውርጭ በሚያቃጥለው አምባ ላይ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባሰናዱበት ቤተ ክርስቲያን ሌላ ሰው መንገሡ ምን ያህል ልብ ወለድ የሚመስል እውነት እንደሆነ ይገባዋል። ከብርሃኑ በኋላ በ1961 ዓ.ም አቤ ጉበኛ አንድ ለናቱን ጽፎ ወደዚሁ ንጉሥ ተመልሷል። የአንድ ትውልድ ደራስያን ሁሉ በቴዎድሮስ በኩል የራሳቸውን ዘመን ይጠይቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ነገሠው ንጉሥ መጻፍ በማይቻልበት ጊዜ ከመቶ ዓመት በፊት ስለሞተው መጻፍ ይቻላልና።

ከዚያ 1966 መጣ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ብርሃኑ የ40 ዓመት ሰው ነበር። ቀጥሎ የጻፈው ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ነው፤ በ1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በሦስት ቅጽ የወጣው ማዕበል። ቅጾቹ የአብዮት ዋዜማ፣ የአብዮት መባቻ እና የአብዮት ማግሥት ይባላሉ። ዋዜማ፣ መባቻ፣ ማግሥት። በዚያን ጊዜ ስለ አብዮት የሚጽፍ ሁሉ ከውጭ በመጡ ቃላት ሲጨናነቅ፣ ብርሃኑ ዘመኑን የለካው በበዓልና በወር አቆጣጠር ነው። በጎንደር የቄስ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ አልጠፋም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቅጽ የወሎን ረሃብ ይዟል። የግብርና ተማሪ ድርቅን የሚማረው በዝናብ መጠንና በአፈር እርጥበት ነው። በልግ ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ መኸር በስንት ቀን ዘገየ፣ ሰብሉ በየትኛው የዕድገት ደረጃ ላይ ጠወለገ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ደግሞም አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲቀር የሚከተለውን ሁሉ አያስረዳም። ደገኛው ገበሬ መጀመሪያ ፍየሉንና በጉን ይሸጣል። ቀጥሎ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን። ሁሉም አብሮ ስለሚሸጥ የከብት ዋጋ ይወድቃል። ከዚያ ለዘር የተቀመጠው እህል ይበላል። ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚዘራው የለውም፤ ሁለተኛው በሬ ሲሄድ ደግሞ የሚያርስበት የለውም። በዚህ ላይ ጭሰኛ ከሆነ፣ ከምርቱ ለባለ መሬቱ የሚሰጠው ድርሻ አለ። መጨረሻ ላይ መንገድ ይወጣል። በመኪና መንገድ ዳር የተደረደሩት ሰዎች ይህን ሁሉ ደረጃ ወርደው የደረሱ ነበሩ።

ማዕበል መውጣት በጀመረበት ጊዜ ገደማ፣ በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሃብ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። አንዱ ምዕራፍ ስለ ወሎ ነው። ሴን ያሳየው ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ሰው በሚያልቅበት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልጨመረም፣ ከወሎም ወደ ሌላ አካባቢ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የሞተው እህል ከምድር ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፤ የሚገዛበት ስላጣ ነው። ከብቱ ዋጋ አጥቷል፣ ጉልበቱ ቀጣሪ አጥቷል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ በቁጥር የደረሰበትንና ጋዜጠኛው በልብ ወለድ የደረሰበትን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ማንበብ በግብርና ኮሌጆች ትምህርት ውስጥ ቢገባ ምን አለበት ያሰኛል።

ለብርሃኑ ይህ ጉዳይ የሙያም ጉዳይ ነበር። የወሎ ረሃብ ለብዙ ወራት በሀገር ውስጥ ጋዜጦች አልተነገረም። ለዓለም የታወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያቀረበው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀላቀለ በመስከረም 1967 ዓ.ም መባቻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ ሲሉ፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ። የሀገሬውን ረሃብ የባዕድ ካሜራ ሲናገረው ማየት በሀገሪቱ ጋዜጣ ላይ ለሠራ ሰው ምን ስሜት እንደሚፈጥር መገመት አያስቸግርም። ሦስት ቅጽ ሙሉ የጻፈው ሰው ዕዳ የሚከፍል ይመስላል።

በዚሁ ዘመን ለመድረክም ጻፈ። ሞረሽ፣ ጣጠኛው ተዋናይ እና የአድዋውን ጀግና ስም የያዘው ባልቻ አባ ነፍሶ የታወቁት ተውኔቶቹ ናቸው። ሞረሽ የሚለውን ቃል ለከተማ አንባቢ ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። በደጋው ቀበሌ ሰው ገደል ሲገባ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚተላለፍ የድረሱልኝ ጥሪ ነው። የሰማ ሁሉ እርፉን ጥሎ ይሮጣል፤ አለመሮጥ ነውር ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ይተካል ቢባልም፣ ኔትወርክ በማይደርስባቸው የጃናሞራና የበየዳ ሸለቆዎች አሁንም ይሰማል።

ማዕበልን ያነበበ ሰው ሳያነሣ የማያልፈው አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ የወደቀውን ሥርዓት ረሃብ ይናገራል፤ ይህን መናገር በደርግ ዘመን የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚወደድም ነበር። ነገር ግን ደራሲው ሳይሞት፣ በ1977 ዓ.ም፣ ከመጀመሪያው የከፋ ረሃብ ወሎን፣ ትግራይንና የጎንደርን ደጋማ አካባቢዎች አጠቃ። መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል በደማቁ ሲያከብር ረሃቡ በሀገር ውስጥ ዜና አልነበረም። ዓለም የሰማው እንደገና በውጭ ቴሌቪዥን ነው። ስለዚያኛው ረሃብ መጻፍ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ሁሉም ደራሲ ያውቅ ነበር፤ እንደ ብርሃኑ ሁሉ የአዲስ ዘመን ሰው የነበረው በዓሉ ግርማ ኦሮማይን ካሳተመ በኋላ በ1976 ዓ.ም እንደወጣ ቀርቷል። በዚህ ብርሃኑን መውቀስ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ነው። እኔ ግን የ1966ቱን ረሃብ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ መጽሐፍ በ1977 በሰው እጅ ላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ። አንባቢ ቀኑን መለወጥ ብቻ ነበር የሚቀረው።

በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ወደ ጀመረበት ዘመንና ወደ ሀገሩ ታሪክ ተመለሰ። የታንጉት ምስጢር የቴዎድሮስን ዘመን እንደገና የሚያነሣ ልብ ወለድ ነው። ከ20 ዓመት በፊት በንጉሡ ስም ታሪክ የጻፈው ሰው፣ በዚህኛው ሽፋን ላይ ያሰፈረው የሴት ስም ነው። የጀብዱውና የጓዳው ታሪክ፣ ሁለት የእንባ ደብዳቤዎችና የቴዎድሮስ እንባ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ።

ብርሃኑ ዘሪሁን በ1979 ዓ.ም፣ በ53 ዓመት ዕድሜው ገደማ አረፈ።